ሕፃን ኤሊ በኤሲ ቤት ውስጥ

ለዚህ እትም ትምህርት የሚሆን ነገር ጻፊ ስባል ስለ ገንዘብ አላላክ ልጽፍ አስቤ ነበር። በኋላ ግን በአንድ ወር ውስጥ ብቻ ሦስት እህቶች «ልጆቹ ኤሊ ገዝተው አመጡ፣ ምን ላድርጋት?» ብለው ሲጠይቁኝ ጊዜ ይሄኛው ይቅደም አልኩ። የሚስቅ ይኖራል፣ ይሳቅ። እንስሳውን የሚገዛው ሌላ ሰው ነው፣ የሚንከባከበው እኛ፣ ሲሞት የሚጠየቀውም እኛው ነን። ስለዚህ ማወቁ አይጎዳም።

በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ። የምሠራበት ቤት ትንሹ ልጅ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። ፈተና ስላለፈ አባቱ ከወፍ መሸጫ አንዲት ኤሊ ገዛለት። ስፋቷ የቡና ሲኒ አፍ ቢሆን ነው። ሻጩ የመስታወት ገንዳ፣ ባለ ቀለም ጠጠርና የፕላስቲክ ዘንባባ አብሮ ሸጠላቸው። ለእይታ እንዲያምር ብለው ሳሎን ውስጥ፣ ልክ የኤሲው ንፋስ በሚወርድበት ቦታ አስቀመጧት። እኔ ጠዋት ጠዋት ሰላጣና ኪያር ከትፌ እሰጣት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት መስታወቱን እየቧጨረች ስትዞር ትውላለች፤ ልጁ «ትጫወታለች» ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ዓይኗን መግለጥ ተወች። በሦስተኛው ሞታ አገኘናት።

መዳም «አላበላሻትም» አለችኝ። አብልቼ ነበር። ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረኝም። ከመዳም ቃል ይልቅ የከነከነኝ እሱ ነው፤ በእጄ ያደገ ልጅ ነውና።

ከወር በኋላ ሁለተኛ ኤሊ መጣች። ያኔ እኔም እልህ ያዘኝ። ባባን «እባክህ ወደ ሐኪም እንውሰዳትና እንዴት እንደምትያዝ እንጠይቅ» አልኩት፣ እሺ አለ። የእንስሳት ሐኪሙ ሱዳናዊ ነበር። ከየት አገር እንደሆንኩ ጠየቀኝና ስነግረው ሳቅ ብሎ «ይቺ እኮ የአገርሽ ልጅ ናት» አለኝ። እውነቱን ነው። እዚህ ጅዳ ብዙ ጊዜ የምትሸጠው የየብስ ኤሊ ሱልካታ የምትባለው ናት። የተፈጥሮ አገሯ ከሴኔጋልና ከሞሪታኒያ ጀምሮ በሳህል በኩል እስከ ሱዳን፣ ኤርትራና ኢትዮጵያ ቆላ ድረስ ነው። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከዱር ተይዛ ለንግድ እንዳትወጣ በዓለም አቀፍ ስምምነት ኮታዋ ዜሮ ተደርጓል። ለነገሩ እዚህ ማን ያጣራል?

ሐኪሙ የመጀመሪያዋ እንዴት እንደሞተች ስነግረው ሳልጨርስ ገባው። «የገደላት ረሃብ አይደለም፣ ሙከየፉ ነው» አለ። እኔ ግራ ገባኝ። ጅዳ እኮ ባሕሩ ዳር ነው፣ ውጭ ስንወጣ ልብሳችን በእርጥበት ከገላችን ይጣበቃል፤ ኤሊ ደግሞ የበረሃ እንስሳ ናት፣ እንዴት ትደርቃለች? አስረዳኝ። ኤሲ ሲሠራ ክፍሉን ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም፣ ከአየሩ ውስጥ ውሃውን መጥጦ ያወጣል። ከጀርባው በቱቦ የሚንጠባጠበው፣ እኛ ባልዲ እየደቀንን የምንደፋው ውሃ ያ ነው። ስለዚህ ውጭው እንደ እንፋሎት ቢሆንም ሳሎኑ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ሕፃን ኤሊ ደግሞ በአገሯም ቢሆን ፀሐይ ላይ ተጥላ አትውልም። ጉድጓድ ውስጥ፣ በሣር ሥር፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ተቀብራ ነው የምታድገው። ትልቋ ድርቀት ትችላለች፣ ሕፃኗ አትችልም። መካ የምትሠሩ እህቶች ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ እዚያ ከባሕር ስለሚርቅ ውጭውም ደረቅ ነው።

ከዚህ በኋላ «አንቺ» እያልኩ ነው የምጽፈው፣ አንድ በአንድ ለማስረዳት ይቀለኛል።

ከሁሉ በፊት እግሯን እዪ። እግሯ እንደ ዝሆን እግር ድፍን ከሆነ የየብስ ናት፤ ይሄ ጽሑፍ ለእሷ ነው። ጣቶቿ መካከል እንደ ዳክዬ ስስ ቆዳ ካለና ከጆሮዋ አካባቢ ቀይ መስመር ካላት ግን የውሃ ኤሊ ናት። እሷ የምትዋኝበት ውሃና ወጥታ የምትደርቅበት ድንጋይ ያስፈልጋታል፣ እዚህ የምጽፈውን ብታደርጊላት ትጎዳለች። የየብሷን ደግሞ ውሃ ገንዳ ውስጥ ብትጨምሪያት ትሰምጣለች። ሁለቱንም ሱልሐፋ ስለሚሏቸው ብዙ ቤት ይህ ስህተት ይሠራል።

የመስታወቱን ገንዳ ተዪው። ኤሊ መስታወት አይገባትም፤ ወዲያ ማዶ እየታያት መሄድ ትፈልጋለች፣ አልሄድ ሲላት ቀኑን ሙሉ ስትቧጭር ትውላለች። የኔዋ «ስትጫወት» የነበረው ያንን ነው። የሚሻለው ግድግዳው የማያሳይ ሳጥን ነው። እኛ ቤት የክረምት ብርድ ልብስ የሚቀመጥበት ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ነበር፤ መዳምን ለምኜ ወሰድኩት። ለመጀመሪያው ዓመት 120 ሳንቲ በ60 ያህል ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከፍታውም ተንጠላጥላ እንዳትወጣ ከ30 ሳንቲ አይነስ። አናጺ የሚያውቅ ሃሪስ ካለ ከጣውላ ይሠራላችኋል፤ የእንጨቱ ወለል በእርጥበት እንዳይበሰብስ ፕላስቲክ ይነጠፍበት።

ከታች የሚነጠፈው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ዋናው እዚህ ነውና። ባለ ቀለም ጠጠር አውጥተሽ ጣይ፤ ትውጠዋለች፣ አንጀቷም ይዘጋል። አሸዋም እንደዚያው። ጋዜጣ ደግሞ ያንሸራትታታል፣ እግሯ ይጣመማል፣ እርጥበትም አይዝም። የሚፈለገው ከኮኮናት ልባስ የተፈጨው ነው። አበባና ችግኝ ከሚሸጥበት ቦታ እንደ ጡብ ተጨምቆ ይገኛል። ባልዲ ውስጥ ከትተሽ ለብ ያለ ውሃ ስታፈሺበት ያብጥና አፈር ይመስላል። ምንም ማዳበሪያ የሌለበት መሆኑን ጠይቂ። እርጥበቱ ምን ያህል ይሁን ካልሽ፣ በሶ ስትጨብጪ አስቢ፦ መዳፍሽ ውስጥ ጭብጥ ብሎ ይያዝ፣ ውሃ ግን ጠብ አይበል። ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ውፍረት ይኑረው፣ መቆፈር ትወዳለችና። ከላይ ሲደርቅ በእጅሽ ገልብጪው፣ በአንድ ጥግ ውሃ ጨምሪበት።

ከዚያ መደበቂያ። የተሰበረ የአበባ ሸክላ ግማሹን ወደ ታች ደፍተሽ ከሥሩ ያለውን ከሌላው ይበልጥ እርጥብ አድርጊው። እንቅልፏን እዚያ ትተኛለች። የመጀመሪያዋ ኤሊ የምትገባበት አንድም ጥላ አልነበራትም፤ ዛሬ ሳስበው ያሳዝነኛል። የውሃ ሰሃን ዝርግ ይሁን፣ የአበባ ሸክላ ማስቀመጫው ሰሃን ይበቃል፤ ጠርዙ ከአፈሩ ጋር እኩል እስኪሆን ቅበሪው። ውስጡ ስለምትጸዳዳ በቀን ሁለት ጊዜም ቢሆን ይቀየራል።

አሁን ሙቀቱ። የሳጥኑ አንዱ ጫፍ ሞቃት፣ ሌላው ጫፍ ለዘብ ያለ መሆን አለበት፤ ኤሊ ራሷን ማሞቅ ስለማትችል እየተመላለሰች ታስተካክላለች። በአንዱ ጫፍ ላይ አምፖል አንጠልጥዪ፤ ከሥሩ ያለው ቦታ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ፣ ሌላው ጫፍ ከ26 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን። ሌሊትም ከ26 ባይወርድ ነው የሚሻለው፤ እርጥበትና ብርድ አንድ ላይ ሲሆኑ ሳንባዋን ይይዛታል። በግምት አትሥሪ፣ ርካሽ ቴርሞሜትር ይግዙልሽ። ከላይ ክዳኑን ሦስት አራተኛ ያህል ሸፍኚው፣ እርጥበቱ እንዳይሸሽ፤ በአምፖሉ በኩል ግን ክፍት ይሁን፣ ፕላስቲክ ከአምፖል ጋር አይነካካ።

ስለ አምፖሉ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በአሮጌ የጅዳ ቤቶች 110 እና 220 የሚባል ሁለት ዓይነት ሶኬት እንዳለ ታውቂያለሽ። የ110 አምፖል 220 ላይ ከተሰካ ይፈነዳል። አንድ ቀን እኔ ፊት ፈንድቷል፣ ኤሊዋ መደበቂያዋ ውስጥ ስለነበረች ነው የተረፈችው። ሳይሰካ በፊት አምፖሉ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። አምፖሉን በሽቦው አታንጠልጥዪው፣ በሰንሰለት ይታሰር፤ መያዣውም የሸክላ እንጂ የፕላስቲክ አይሁን፣ ይቀልጣል። ከቤት እሳት ቢነሳ ማን እንደሚጠየቅ አልነግርሽም።

ከሙቀቱ ሌላ የፀሐይ ብርሃን ያስፈልጋታል። እኛ አገር አራስ ቤት ሕፃኑን ጠዋት ፀሐይ የምናሞቀው አጥንቱ እንዲጠና ነው አይደል? የእሷም ነገር እንደዚያው ነው፣ ያለ ፀሐይ ቅርፊቷ ይለሰልሳል። በመስኮት የሚገባው ግን አይቆጠርም፤ አጥንት የሚያጠነክረውን የፀሐይ ክፍል መስታወቱ ያስቀረዋል። ለዚህ የተሠራ ዩቪቢ የሚባል አምፖል አለ፤ ብርሃኑ ሳይጠፋ ጉልበቱ ስለሚያልቅ እንደ ዓይነቱ በስድስት ወር ወይም በዓመት ይቀየራል። እሱ ከሌለ ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ሀውሽ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ይዘሻት ውጪ፣ ግማሹ ጥላ በሆነ ሳፋ ውስጥ። ትተሻት አትግቢ! የጅዳን ድመትና ቁራ ታውቂያቸዋለሽ፣ ቁራው እንደ ለውዝ ነው የሚያነሳት። በበጋ ቀትር ደግሞ ሰትሕ ላይ ማውጣት ማለት መጥበሻ ላይ ማስቀመጥ ነው።

መብራቱ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት በርቶ ሌሊት ይጠፋል። በረመዳን ቤቱ ሌሊቱን ነቅቶ ቀን ስለሚተኛ እሷም አብራ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ስር እንዳትቆይ ጠብቂ። በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ሶኬት ካለ አንቺም ትገላገያለሽ።

ሳጥኑ የት ይቀመጥ? ይሄ ከሁሉ ያጣላል። እነሱ ሳሎን ይፈልጋሉ፣ እሱ ግን በኤሲ የቀዘቀዘ ነው። ከዚያ ዞር ይሉና «አንቺ ክፍል እናድርጋት፣ እዚያ ይሞቃል» ይላሉ። እውነት ነው፣ በብዙ ቤት ኤሲው ደካማ የሆነው የእኛ ክፍል ነው፤ ለኤሊ የሚስማማው ሙቀት ለእኛ መተኛ ተሰጥቶናል። እኔ እሺ ብዬ ሁለት ወር አብሬያት ተኛሁ። ከንጋት ጀምሮ መብራት ፊቴ ላይ፣ ማታ ደግሞ አፈርና ሽንት ይሸተኛል። በኋላ በትሕትና ለመንኩና ልብስ መተኮሻው ክፍል ተዛወረች፤ እዚያ ኤሲ አይበራም። ክሎሮክስና የመሳሰለው ግን ከአጠገቧ ይራቅ፣ ሽታው ይጎዳታል። መዳምን ለማስረዳት በቀላሉ «አል-ሙከየፍ መው ኩወየስ ለል-ሱልሐፋ» በዪያት፣ «ኤሲው ለኤሊዋ ጥሩ አይደለም» ማለት ነው።

በየቀኑ የምትሠሪው አንድ ነገር ቢኖር ማጠብ ነው። ጠዋት ለብ ያለ ውሃ (እንደ ሕፃን ገላ ውሃ በክንድሽ ለክተሽ) በትንሽ ሳፋ አድርጊ። ጥልቀቱ የላይና የታች ቅርፊቷ እስከሚገናኝበት ብቻ፣ ራሷን ሳትቀና መተንፈስ እንድትችል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ትቆይ። ትጠጣለች፣ ትጸዳዳለች። ከሽንቷ ጋር ነጭ ነገር ይወጣል፤ እንደ ሊጥ ለስላሳ ከሆነ ደህና ናት፣ እንደ አሸዋ ከሻከረ ውሃ ጠምቷታል ማለት ነው። እኔ ከምንም በላይ የማየው ይህን ነው።

ቅርፊቷ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል እንደ ትንሽ ተራራ ወጣ ወጣ ያለባቸውን ኤሊዎች ዓይተሽ ይሆናል። ሻጮች «ዓይነቱ ነው» ይላሉ። ድሮ ምግብ ስለበዛላት ነው ይባል ነበር። በ2003 (እ.ኤ.አ.) ከቪየና የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ግን ልክ እነዚህኑ ሱልካታ ሕፃናት በደረቅና በእርጥብ አየር አሳድጎ ሲያወዳድር፣ ዋናው ምክንያት የአየሩ ድርቀት መሆኑን፣ የምግቡ ድርሻ ትንሽ መሆኑን አሳይቷል። ያ እብጠት አንዴ ከወጣ አይመለስም። የኔዋም ትንሽ አላት፣ ሳሎን የቆየችባቸው ቀናት ምልክት ነው።

ምግቡ ቀላል ነው፣ ሣር በይ ናት። ሀውሽ ውስጥ ያለውን ቀይ የጽጌረዳ መሰል አበባ፣ ሒቢስከስ የሚሉትን፣ ቅጠሉንም አበባውንም ትወዳለች። መድኃኒት ያልተረጨበት ሣር፣ ጀርጂር፣ የበለስ ቁልቋል ቅጠል እሾሁ ተጠርጎ። ለበግ የሚሸጠውን ብርሲም ከሌላው ጋር ቀላቅለሽ በጥቂቱ። ኪያርና ሰላጣ ውሃ እንጂ ምግብ አይደሉም፣ እኔ የመጀመሪያዋን በእነሱ ብቻ ነበር የያዝኳት። ዳቦ፣ ሩዝ፣ አይብ፣ የድመት ምግብ ጨርሶ አይሰጣትም። ልጆቹ ከከብሳ ላይ ያጎርሷታል፣ ተቆጪ። ፍራፍሬም ሆዷን ያበላሻል። ለአጥንቷ ከወፍ መሸጫ ሊሳን አል-በሕር የሚባለውን ነጭ አጥንት አስገዝተሽ ሳጥኑ ውስጥ ተዪላት፣ ስትፈልግ ትግጠዋለች። አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቂ፦ በጅዳ መንገዶችና በየግቢው የተተከለችው ሮዝና ነጭ አበባ ያላት ዲፍላ መርዝ ናት፣ ለኤሊም ለሰውም። ሳር ስታጭጂ አንድ ቅጠል እንኳ አይቀላቀልብሽ።

ልጁ «ብቻዋን ስለሆነች ታዝናለች፣ ጓደኛ እንግዛላት» ብሎ አልቅሶ ነበር። አይሆንም። ሁለት ሲሆኑ አንዷ ሌላዋን ትጫናለች፣ ከሙቀቱም ከምግቡም ታርቃታለች። ብቸኝነት የእኛ እንጂ የእሷ ችግር አይደለም።

ስለ ራስሽ ጤና። ኤሊ ጤነኛ ሆና እያለች ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ጀርም ትይዛለች። አሜሪካ ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ10 ሳንቲ ያነሱ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ የከለከለችው ልጆች አፋቸው ውስጥ እየከተቱ ስለታመሙ ነው። ስለዚህ ሳፋዋም ብሩሽዋም የራሷ ይሁን፤ ማጥበኽ ውስጥ አትግባ፣ ዕቃዋ በሰሃን ማጠቢያው አይታጠብ። ከነካሻት በኋላ እጅሽን በሳሙና፣ የልጆቹንም አብረሽ። ቤቱ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን ወይም እርጉዝ ካለች መዳምን አስቀድመሽ ንገሪያት፣ ኋላ «ምግቡን አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» እንዳትባዪ።

አፍንጫዋ አረፋ ካወጣ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ዓይኗ ካበጠ ወይም ሦስት ቀን ካልበላች ሐኪም ነው መፍትሔው። ፓናዶል አይሰጣትም፤ የሞከረች እህት አውቃለሁ። ለሐኪምም ሆነ ለአምፖል ግን ከደሞዝሽ አንድ ሪያል እንዳታወጪ። መጀመሪያ ላይ እኔ ስለ አዘንኩ ኮኮናቱን በራሴ ገዛሁ፣ በሚቀጥለውም ወር የኔ ግዴታ ሆኖ ተገኘ።

አንድ ሌላ ለመዳምና ለባባ በጊዜ የሚነገር ነገር አለ። ይቺ የሲኒ አፍ የምታክል እንስሳ ስታድግ 70 ሳንቲ ርዝመትና ከ40 ኪሎ በላይ ክብደት ትደርሳለች፤ ከትላልቆቹ የጋላፓጎስና የአልዳብራ ኤሊዎች ቀጥሎ በዓለም ሦስተኛዋ ናት። ከ50 ዓመት በላይም ትኖራለች። የእኛ ኮንትራት ሁለት ዓመት ነው። ሳትቆፍር የማትተኛ ስለሆነች ያኔ ሳጥን ሳይሆን ግቢ ያስፈልጋታል። አድጋ ሲሰለቹ በረሃ ላይ ወስደው የሚጥሉ አሉ፤ በረሃ የተወለደች ስላልሆነች እዚያ አትኖርም።

የኔዋ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ከምሳ ሰሃን ሰፍታለች፣ ልጁም አስር ዓመት ሞልቶታል። ሐሙስ ለዕረፍት አገር ቤት እገባለሁ፣ በቦታዬ የምትቆየውን እህት አላውቃትም። ስለዚህ ማጠቢያው፣ መብራቱና ምግቡ በየሰዓቱ በወረቀት ተጽፎ ሳጥኑ ላይ እንዲለጠፍ ፈለግሁ። ዓረብኛ መጻፍ ስለማልችል ልጁን አስጻፍኩት። እኔ እየነገርኩት እሱ ሲጽፍ ቆየና፣ ከሁሉ በላይ፣ እኔ ሳልነግረው፣ በቀይ እስክሪብቶ «ሙከየፍ ላ» ብሎ ጨመረበት።